የሁለተኛው ቀን ፈተና

"አርባ ሁለት!" አለች ዳኛ፣ ዓይኗን ከወንፊቱ ሳጥን ሳትነቅል። አርባ ሁለተኛዋ የፍራፍሬ ዝንብም አዲሱን ወንድ ጀርባዋ ላይ ተሸክማ ቀጥ ብላ ቆማለች። ገና ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። ከስልሳዎቹ ሴቶች አርባ ሁለቱ ትናንት ተድረው፣ ዛሬም ተዳሩ! ጉድ እኮ ነው።

መሥሪያ ቤቱ በሙሉ "ዳኛ" ነው የሚላት። በጨረር የመከኑ ወንድ ዝንቦች እርሻ ላይ ከመለቀቃቸው በፊት ትፈትናለች። በመጀመሪያው ቀን ሴቶቹን ከመከኑት ጋር ታገናኛለች፤ በሁለተኛው ቀን ከእርሻ የተያዙ ጤነኛ ወንዶች ታስገባባቸዋለች። ደህና ወንድ ያገኘች ሴት መጪውን ሁሉ በእግሯ እየገፋች ታባርራለች። ከዘሩ ጋር በሚፈሰው ፈሳሽ ውስጥ ያለ ፕሮቲን "በቃሽ፣ አሁን እንቁላልሽን ጣዪ" ይላታላ! ወንዱ የመከነ ነውና እንቁላሉ አይፈለፈልም፤ ፍሬውም ከትል ይድናል። ፈሳሹ ካነሰ ግን ሴቲቱ በማግስቱ ሌላ ትፈልጋለች፤ ያ ሁሉ ልፋትም ገደል ይገባል።

ኃላፊው በሩን በጉልበቱ ገፍቶ ገባ። አዲስ ከረባት አስሯል። ከሰዓት በኋላ እንግዶች ይመጣሉ፣ ዝንቦቹ ፊታቸው ይለቀቃሉ፣ ፎቶ ይነሳል።

"የፈተናውን ቅጽ ፈረምሽ?"

"አልፈረምኩም። ወድቀዋል።"

"ምን ማለት ነው ወድቀዋል? ትናንት ስልሳውም ተገናኙ አላልሽኝም?"

"ብያለሁ።"

"በቃ! ተገናኙ፣ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ያለው የሴቶቹ ጠባይ እኛን ምን አገባን?"

ዳኛ ሳቋም መጣ፣ ደሟም ፈላ። "የኛ ሥራ እኮ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው፣ ጋሼ! መገናኘትማ ማንም ይገናኛል። እርስዎ ለእንግዶቹ ቁጥሩ ይብዛ ብለው ወንዶቹን ሁለት ቀን ሙሉ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ አጎሯቸው። አልቆላቸዋል። ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፤ የሚሰጡት ነገር ግን የላቸውም።"

"ድምፅሽን ቀንሺ።"

"ምነው፣ ዝንቦቹን አፍረው ነው?"

ኃላፊው አልሳቀም። ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠና ድምፁን አለሰለሰ። "ስሚኝ የኔ ልጅ። ኮንትራትሽ የሚያልቀው በዚህ ወር ነው። የሚያድስልሽ ማን ይመስልሻል?"

ለምን ይዋሻል፣ ፈራች። ሁለት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች፤ እንዲህ ያለ ሥራ ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም። ግን አምና አባቷ ማንጎ ዛፍ ሥር ቆማ "ከኛ ወንድ ጋር የተገናኘች ሴት ሌላ አታስጠጋም፣ በዓይኔ ቆጥሬያለሁ" ያለችው እሷው ናት። ሽማግሌው አምኗት የተባይ መድኃኒት መርጨት አቆመ። በእሱ ቃል ደግሞ የአካባቢው ሰው ሁሉ መርጫውን ግድግዳ ላይ ሰቀለ። ማንጎው ሊደርስ የቀረው ሁለት ሳምንት ነው፤ እነዚህ ልፍስፍሶች ተለቀው ሰዉ እጁን አጣጥፎ ከጠበቀ ትል ይበላዋል።

"አባቴ በኔ ቃል ነው መርጨት ያቆመው" አለች።

"ቤተሰብና ሥራ አታደባልቂ!"

"እሱማ እኔ ስወለድ ነው የተደባለቀው።"

"እንግዲህ ራሴ እፈርማለሁ!" ቅጹን ላጥ አድርጎ ብዕሩን ከደረት ኪሱ አወጣ። "ሰው የሌለ መሰለሽ እንዴ?"

ዳኛ ስልኳን አውጥታ አባቷ ጋ ደወለች፤ ድምፁ ለሁለቱም እንዲሰማ አድርጋም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"አባዬ፣ ዛሬ እንግዶቹ ፊት የሚለቀቁት ወንዶች አይረቡም። አደራህን፣ ጎረቤቱን ሁሉ ጥራና ዛሬውኑ መርጨት ጀምሩ።"

"ምን አገኛቸው?"

"ደክመዋል። ሴቶቹ በነጋታው ጥለዋቸው ሄዱ።"

"እሰይ፣ ይበላቸው!" ሽማግሌው እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ልጄ፣ ይሄን እንድትናገሪ ተፈቅዶልሻል? አለቃሽ ሰምቷል?"

ኃላፊው ብዕሩን እንደያዘ ሁለት እጁን ያወናጭፋል፤ ዝጊው፣ ዝጊው። ፊቱ ቲማቲም መስሏል።

"ሰምተዋል አባዬ። እዚሁ አጠገቤ ናቸው፣ ሰላም በላቸው።"

"ጤና ይስጥልኝ ጌታዬ!" አለ ሽማግሌው በሙሉ ድምፁ። "እንግዳ እየጠበቁ እንኳ እውነቱን አልደበቁንም። ተባረኩ! ለሰፈሩ ሁሉ እነግርልዎታለሁ!"

"እ... አብረን ያሰማን" አለ ኃላፊው፤ ምን ማለቱ እንደሆነ እሱም አያውቀውም። ስልኩ ከተዘጋም በኋላ ብዕሩ ወረቀቱን ሳይነካ እጁ ላይ ቀረ።

"አባርርሻለሁ" አላት ቀስ ብሎ።

"ያባርሩኝ።"

ቅጹንም፣ ብዕሩንም ከእጁ ወሰደች። ውጤት በሚለው ቦታ "ወድቀዋል" ብላ በትልቁ ጻፈች፤ ከሥሩ ስሟን እስከ አያቷ አሰፈረችና ፈረመች።