የማይካፈለው አንድ ሺህ ዘጠኝ

ወለል አንጣፊው ግግም ብሏል። ሚስቱ ከመሞቷ በፊት በገዛ እጇ የሠራቻቸውን የወለል ሸክላዎች ጓሮው ላይ ሊያነጥፍ ነው፤ አንድም ሳይሰበር፣ አንድም ሳይተርፍ፣ አራቱም ጠርዝ ቀጥ ብሎ። ከዚህ ውጪ ያለው ወሬ ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ።

ሸክላዎቹ አንድ ሺህ ዘጠኝ ናቸው። በሃያ በሃያ ደረደራቸው፤ ዘጠኝ ተረፈ። በሃያ አንድ ሞከረ፤ አንድ ተረፈ። በሃያ ሦስት ቢል ጭራሽ ሃያ ተረፈ።

«ይሄ ቁጥር ጠምዶ ይዞኛል» አለ ላቡን እየጠረገ። «ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ቤት ሳነጥፍ እንዲህ ያለ ጉድ አላየሁም።»

ልብስ ሰፊዋ ልጁ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጣ ልትስቅበት ነበር፤ ግን ነገሩ እሷንም ከነከናት። ቆይ፣ ይሄ ቁጥር በስንት ይካፈላል? ጠመኔዋን ከኪሷ አውጥታ ግድግዳው ላይ ማካፈል ያዘች። በሁለት እምቢ አለ። በሦስትም እምቢ። በሰባት ለጥቂት አመለጣት፤ አንድ ተረፈ።

«እስከ ሺህ ልትዘልቂ ነው?» አላት።

«ሠላሳ አንድ ድረስ ይበቃኛል፣ አባዬ። ሠላሳ ሁለት በሠላሳ ሁለት ካለን ሸክላ ይበልጣል። ስለዚህ አንደኛው ጎን የግድ ከዚያ ያንሳል።»

ሠላሳ አንድም አልሆነም።

«ከአንድና ከራሱ በቀር በምንም አይካፈልም። በአንድ መስመር እስከ ጎረቤት ካላነጠፍከው አይሆንልህም።»

ሰውየው አንገቱን ደፋ። «የእጇን ሥራ የት ልጥለው ታዲያ?» አለ።

ልጅቷ ግድግዳውን አየች። በሰባት አንድ፣ በሃያ አንድም አንድ ተርፏል። አንዷ ባትኖርስ? ሃያ ስምንት ረድፍ፣ በየረድፉ ሠላሳ ስድስት፤ ልክክ ይላል። እናቷ ደግሞ ለክታ የምትሠራ ሴት ነበረች።

«አባዬ፣ እማዬ ከየሥራዋ አንድ ለራሷ ታስቀር አልነበር?»

«ታስቀር ነበር እንጂ። የሸክላዋ ጀርባ ላይ አውራ ጣቷን ተጭና፣ ይቺ የእኔ ናት እያለች መስኮቱ ላይ ታቆማት ነበር። እኔ ዕቃዋን ስሰበስብ...» ወደ ሸክላው ክምር ዞረ። የመስኮቷንም ጨምሮ ሁሉንም አንድ ላይ አጋብሶት ኖሯል።

ሸክላውን እየገለበጡ ማየት ጀመሩ። ክምሩ ሊያልቅ ሲል ልጅቷ አውራ ጣት ያረፈባትን አገኘቻትና ሰጠችው። አንጣፊው አውራ ጣቱን ምልክቷ ውስጥ ለመክተት ሞከረ፤ አልገባም። የሚስቱ እጅ ምን ያህል ትንሽ እንደነበር ረስቶት ነበር።

ሸክላዋን መስኮቱ ላይ አቆመና የመጀመሪያውን ረድፍ ማንጠፍ ጀመረ።