ከአሻራው በላይ የተጻፈው

«ለመ... ለመም... ለመምህራን» አለች፤ ጣቷ የገጹ ርእስ ላይ ተተክሏል። «ለመምህራን የልምድ... ልውውጥ።»

የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ የኮሚቴውን መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ትታ ወንበር ልታስመጣ ወጥታለች። ስብሰባው ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል። አንባቢዋ የወላጅ ኮሚቴ አባል ከሆነች ሦስት ዓመቷ ነው፤ ሰፈርተኛው ግን «ጭንቄ» እያለ ነው የሚጠራት። ልጇ አምስት ደቂቃ ከዘገየች ጫማዋን ግራና ቀኝ አዟዙራ ተጫምታ መንገድ ላይ የምትገኝ ሴት ናት። ክሊኒክ ውስጥ አንሶላ ታጥባለች። ዘንድሮ ደግሞ ከሥራ መልስ ጎልማሶች ክፍል ገብታ ፊደል ለየች። መምህሯ «ያገኙትን ሁሉ ያንብቡ፤ የሳሙና ካርቶንም ቢሆን» ስላላት የሳሙናውን ካርቶን ጨረሰች፣ የመድኃኒቱን ብልቃጥ ጨረሰች፤ ዛሬ መዝገቡ እጇ ገባ።

ገጹን የመረጠችው አውራ ጣቷን አይታ ነው። የካውያ ጠባሳ ስላለባት አሻራዋ መሃሉ ላይ በሰያፍ የተሰነጠቀ ነው፤ ከሺህ አሻራ መሃል ትለየዋለች። የአምናው ገጽ ግርጌ ላይ ከሌሎቹ እናቶች ጋር ተሰልፎ አገኘችው። «እስቲ ምን ላይ ነው የፈረምኩት?» ብላ ፈገግ እያለች ወደ ላይ ወጣች።

«ለአጥር ግንባታ የተሰበሰበው ገንዘብ ለሦስት መምህራን የውጭ አገር ትምህርት ቤቶች የልምድ ልውውጥ ጉብኝት እንዲውል በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።»

መጀመሪያ ንባቧን ነው የጠረጠረችው። ደግማ ከ«ለ» ጀመረች። ፊደሎቹ ግን ንቅንቅ አላሉም።

ክው አለች። የጸሐፊዋ ወንበር ላይ ዘጭ አለች።

አጥሩ! ግቢው በመንገዱ በኩል ክፍት ነው። ያ ስብሰባ በተደረገ በሁለተኛው ወር ልጇ በዕረፍት ሰዓት ኳስ ተከትላ አስፋልቱ ላይ ወጣች። የሞተር ሳይክሉ ነጂ ፍሬን ይዞ ነበር፤ ግን አልደረሰም። ዛሬም የልጅቷ ግራ እግር ውስጥ ብረት አለ፤ ደረጃ ስትወርድ አንድ እግሯን አስቀድማ እንደ አሮጊት ነው የምትወርደው። እናትየው «አጥሩስ?» ብላ በጠየቀች ቁጥር ዳይሬክተሩ «ሲሚንቶ ተወደደ እናታችን» ይላት ነበር። አምና ዘንድሮ ሳትል አንድም ቀን ዐይኑን ያላየችውን ሲሚንቶ ነጋዴ ስትረግም ከረመች። ምስኪን!

እንዴት እንደሆነ አሁን ታወሳት። የአሻራ ቀለሙ ከሌላ ቢሮ የተዋሱት ስለሆነ ቶሎ መመለስ አለበት ይባላል። ስለዚህ ጣት የሚያትሙት ሁልጊዜ ቀድመው፣ ባዶ ገጽ ግርጌ ላይ፣ «ለመገኘታችሁ ብቻ ነው» ተብለው ያትማሉ። ብዕር የሚይዙት መምህራን ቆይተው ይፈርማሉ። በመሃል ባዶው ይሞላል።

ከውሳኔው ሥር የተጓዦች ስም ተዘርዝሯል። አንደኛው ዳይሬክተሩ። ሁለተኛው የማታውቀው ሰው። ሦስተኛው የራሷ መምህር።

«ጎበዝ! መዝገብም ደፈሩ?» መምህሩ የጠመኔ ብናኝ ከእጁ እያራገፈ ገባ። የእሷን ታናሽ ወንድም የሚያህል፣ ሳቂታ ወጣት ነው።

«መምህር፣ ይቺን ያንብቡልኝማ።»

ጎንበስ አለ። «‹በሙሉ ድምፅ›።»

«ሙሉ ድምፅ ማነው?»

«ሁላችሁም ናችሁዋ! ወላጆች። እናንተ አይደላችሁ የላካችሁን?» ሳቀ። «ስመለስ እጅዎን ይዤ አመስግኜዎት የለም እንዴ?»

አመስግኗት ነበር። እሷ አሳዳጊ የባረከው ልጅ ብላ ነው ያለፈችው።

«ይቺ የኔ ጣት ናት» አለች። «እኔ ግን ስለ ጉዞ አንድ ቃል አልሰማሁም። አጥር ሊታጠር ነው ተብዬ ነው ከአንሶላ እጥበት ያወጣሁትን የሰጠሁት።»

መምህሩ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ወደ ላይኛው መስመር ሄደ፤ አነበበ፤ እንደገና አነበበ። «የአጥር ገንዘብ መሆኑን... እትዬ፣ ሙት ይበሉኝ፣ አላወቅኩም።»

«ተጽፏል እኮ። እኔ ማንበብ አልችልም ነበር። እርስዎ ይችላሉ።»

«ስሜን ብቻ ነው ያየሁት» አለ። «ስሜ ከተገኘ በኋላ... ሌላውን ማን ያየዋል?»

ልትጮህበት ፈለገች። በምትኩ ያልጠበቀችው ጥያቄ አመለጣት። «ለመሆኑ እዚያ ሄደው ምን አዩ?»

«አንድ የጎልማሶች ክፍል አየሁ» አለ፤ ዐይኑ ግን ወለሉ ላይ ነው። «ሽማግሌዎች ናቸው። በዜማ ፊደል አያስቆጥሯቸውም፤ ከሚወዱት ሰው ስም ነው የሚያስጀምሯቸው። እርስዎን ከልጅዎ ስም ያስጀመርኩዎ... ከዚያ ያመጣሁት ነው።»

ይሄኛው ከመጀመሪያውም ባሰ። ከአራት ዓመት በፊት እዚሁ ትምህርት ቤት ጎልማሶች ክፍል ገብታ፣ ከሰሌዳ ላይ ፊደል በዜማ እየተቀባበለች፣ «ቀ» ላይ ስትደርስ ተስፋ ቆርጣ የወጣች ሴት ናት። ዘንድሮ የልጇን ስም ጽፋ ቤቷ ግድግዳ ላይ ለጥፋ አለቀሰች። እንግዲህ ያ ትምህርት የተገዛው በአጥሩ ነው። በልጇ እግር ነው። ያነበበችውን መልሳ አላነበብኩም እንዳትል ዐይኗ ተከፍቷል፤ የከፈተውን ሰው እንዳትረግም ደግሞ ምላሷ ታሰረ።

«ምነው ባልነገሩኝ» አለችው ቀስ ብላ።

በሩ ተከፈተ። ዳይሬክተሩ ከፊት፣ ወላጆች ከኋላው ግር ብለው ገቡ። ሎሚ ሻጯ ጎረቤቷ ከሩቅ ጮኸች፦ «ጭንቄ! ቀድመሽ መጣሽ? ደሞ ምን አስጨነቀሽ? ፊትሽ እኮ ያጠብሽውን አንሶላ መስሏል!»

«እናቶች፣ ቶሎ ቶሎ!» አለ ዳይሬክተሩ። «የዛሬው አጀንዳ አጭር ነው። አምና የተጀመረው የመምህራን ጉብኝት ፍሬ ስላፈራ ሁለተኛ ዙር እንልካለን። ቀለሙ ይመለስ ተብሏል፤ ጣት የምታትሙ እዚህ ግርጌው ላይ፣ እግረ መንገዳችሁን!»

ነጭ፣ ባዶ ገጽ ገለጠ።

«እኔ ልቅደም፣ ድስት ጥጄ ነው የመጣሁት» አለች ሎሚ ሻጯ፤ አውራ ጣቷን ወደ ቀለሙ ሰደደች።

«ቆዪ እህቴ» ብላ አንባቢዋ እጇን ያዘቻት። ከጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ብዕር አነሳች፤ መዝገቡን ወደ ራሷ ሳበች፤ ግርጌውን ትታ የገጹን ከሁሉ የላይኛውን መስመር ፈለገች። ከእሱ በላይ የወረቀቱ ጫፍ ብቻ ነው ያለው።

«እናታችን፣ ታች ነው እንጂ!» ዳይሬክተሩ ሳቀ። «እዚያ እኮ ውሳኔው ነው የሚጻፈው።»

«ውሳኔው ከኛ ሥር ይጻፋል፤ የአጥሩ ገንዘብ የት እንደሄደ ለነዚህ ሰዎች ከተነገረ በኋላ። መምህራኑ ይሂዱ አይሂዱ ያኔ እንነጋገራለን።»

ሎሚ ሻጯ አፏን በመዳፏ ያዘች። «ወይ ጉድ! የምን ገንዘብ? የት ሄደ?»

«መምህር፣ እስቲ ያስረዷቸው» አለ ዳይሬክተሩ፤ ሳቁ ጠፍቷል።

መምህሩ እጁ ላይ የቀረውን የጠመኔ ብናኝ ማራገፍ ያዘ።

እሷ አንገቷን አቀርቅራ ስሟን መጻፍ ጀመረች። የመጀመሪያው ፊደል ተንጋደደባት፤ ብዕሩን ጫን አድርጋ ሁለተኛውን ቀጠለች።