ለእናታችን የወጣው ሙሾ

ዘፋኟ እህቴ ከሞተች በኋላ፣ የድሮ ካሴቶቿን ከአንዲት የቤተ መዛግብት ሠራተኛ ጋር ተቀምጬ ማዳመጥ ጀመርኩ። የእህቴን ስም ያስጠራው ለእናታችን ያወጣችው ሙሾ ነው። «እናታችን የተቀበረች ዕለት ደረስኩት» ትል ነበር።

ሙሾው ተጀመረ። መሃሉ ላይ የእናታችን ድምፅ ገባ።

«ምነው ልጄ፣ ሳልሞት ቀበርሽኝ? ደግሞ ቀስ በዪ፣ ቃሉ አይሰማም።»

እህቴ ሳቀች፤ ቀስ ብላ ደገመችው።

ሠራተኛዋ ማጫወቻውን አቆመች። «አባባ፣ ይህ ከወጣ ሰው ይታዘባታል። ልቁረጠው?»

በእናታችን ቀብር ላይ በዚህ ሙሾ ተንሰቅስቄ አልቅሻለሁ። አሁን እንባም ንዴትም አልመጣልኝም።

«እናቴ የተናገረችበት ሌላ ካሴት አለ?»

«የለም፣ አባባ።»

«እንግዲያው አትንኪው።»