ከብሎክ ኤፍ በስተጀርባ

ዊዳሪ ከቆመ መኪና ኋላ ሸሸግ አለች። እናቷ ቡ፣ ማለትም ወይዘሮ፣ ሱማርሲህ መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ዞር ብለው አይተው ነበር። አሮጊቷ የተከተላቸው ሰው እንደሌለ ሲያረጋግጡ፣ በጨርቅ የተሸፈነ ቅርጫታቸውን ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው አዛወሩና ወደ መንደሩ መውጫ በር በመሄድ ፈንታ ወደ ብሎክ ኤፍ ታጠፉ።

ዊዳሪ ግራ ገባት። በብሎክ ኤፍ በኩል መውጫ የለም። ያለው የቤቶቹ ጀርባ፣ የፍሳሽ ቦይና ረጅሙ የኮንክሪት አጥር ብቻ ነው። ይህን ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ የዚህን መንደር፣ የግሪያ ቴራታይን፣ ፕላን ከሠሩት ባለሙያዎች አንዷ እሷ ነበረች። በዚህ ዕድሜዋ እናቷን ተደብቃ መከተሏ ቢያሳፍራትም፣ የማወቅ ጉጉቷ አይሎ እግሯን ወደፊት ገፋው።

ቡ ሱማርሲህ ባላቸው ሲሞቱባቸው ከሩቅ ከክላተን ወደ ልጃቸው ዘንድ፣ ቤካሲ ከተማ ዳርቻ ወዳለው ወደዚህ መንደር መጡ። ግሪያ ቴራታይ ንጹሕና ጸጥ ያለ ሰፈር ነው። ቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ በሮቹ ሁሉ የመኪና ማቆሚያ በሮች ናቸው። ሱቅ መክፈት በመንደሩ ደንብ ክልክል ስለሆነ አንድ እንቁላል ያማረው ሰው መኪና ማስነሳት አለበት። ቡ ሱማርሲህ መኪና አይነዱም። የዊዳሪ ባል ካሊማንታን ደሴት በማዕድን ሥራ ላይ ስለሆነ በወር አንዴ ነው የሚመጣው፤ እሷም ማለዳ ወጥታ ሲመሽ ትገባለች። አመሻሹ ላይ "እማዬ፣ እንዴት ዋሉ?" ብላ ስትጠይቅ የሚሰጧት መልስ አንድ ነበር።

"ከፍሪጁ ጋር ስንጫወት ዋልን።"

እየከሱ ሄዱ። ሐኪም ቤት ብትወስዳቸው ምንም በሽታ አልተገኘባቸውም። ኋላ ግን፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ፣ ነገሩ ተለወጠ። ወጥ ሲሠሩ ማንጎራጎር ጀመሩ። ልብሳቸው የጥብስ ዘይት ይሸታል፤ ነጠላ ጫማቸው ጭቃ ይዞ ይገባል። ጭራሽ መንታ ስለወለደች ሴትና ከአማቱ ጋር ስለተጣላ ፀጉር አስተካካይ ወሬ ማምጣት ጀመሩ፤ ዊዳሪ ሁለቱንም አታውቃቸውም። "ወጣ ብዬ ነው" ከማለት በቀር ሌላ ነገር አይተነፍሱም። የበሩን ጥበቃ ፓክ፣ ማለትም አቶ፣ ሳርፒንን ብትጠይቀው፣ እናትዎ በዚህ በር አንድም ቀን ወጥተው አያውቁም ብሎ ማለላት።

ዛሬ ዊዳሪ ከቤት ሆና ነው የምትሠራው። ኩባንያቸው ከአጥሩ ወዲያ ባለው መሬት ላይ አዲስ መንደር ሊያቆም ነው፤ ፓክ ሄንድራዋን፣ አለቃዋ፣ የፕላኑን የመጨረሻ ገጽ እስከ ቀትር ላኪልኝ ብሏታል። ይህን ሥራ ከልቧ ትወደዋለች። በግሪያ ቴራታይ የተሠራው ስሕተት የሚታረምበት ቅይጥ መንደር ነው፦ ታች ሱቅ፣ ላይ መኖሪያ፣ መሐል ለመሐል ሰው በእግሩ የሚሄድበት ጠባብ መንገድ። የቀረው አንድ ገጽ መሬቱ አሁን በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ የሚገልጸው ነው። ፓክ ሄንድራዋን እንድትጽፍ የነገራት "በአመዛኙ ባዶ ረግረግ፣ አልፎ አልፎ ጊዜያዊ መጠለያዎች" የሚል ነበር። ዊዳሪ ቦታውን የምታውቀው ከሰማይ በተነሣ ፎቶ ብቻ ነው፤ የተጠጋጋ ቆርቆሮና ዛፍ። "ባዶ" የሚለው ቃል ላይ እጇ ቆሞ ሳለ ነው እናቷ በጓሮ በር ሹልክ ሲሉ ያየችው።

ከመጨረሻው ቤት ጀርባ ስትደርስ እናቷ የሉም።

አጥሩ በምሰሶዎች መካከል ተደራርበው ከሚገቡ የኮንክሪት ሰሌዳዎች የተሠራ ነው። በአንዱ ቦታ የላይኞቹ ሰሌዳዎች ወጥተው ሣሩ ላይ ተጋድመዋል፤ የቀረው ጉልበት አይደርስም። ቦዩ ላይ ሳንቃ ተዘርግቷል። ከወዲህ በኩል ሰማያዊ የፕላስቲክ በርጩማ፣ ከወዲያ በኩል ደግሞ ቀይ ተቀምጧል። ሳንቃው በእግር ብዛት ተልጓል። ይህ የአንድ ሰው ሥራ እንዳልሆነ ገባት። አንዲት የቤት ሠራተኛ ሕፃን አዝላ ከወዲያ መጣችና "ይቅርታ፣ ቡ" ብላት፣ በርጩማዎቹን እንደ ደረጃ ተራመደችና አለፈች።

ዊዳሪ ቀሚሷን ሰብስባ ተሻገረች።

ማዶ መንገዱ ሁለት ሞተር ብስክሌት ጎን ለጎን አያሳልፍም። ልብስ ሰፊው ታች ይሰፋል፤ ፎቅ ላይ የራሱ ቤተሰብ ልብስ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ከሩዝ መደብሩ በላይ ልጆች ቁርዓን ይቀራሉ። ፀጉር አስተካካዩ ወንበሩን ከዛፍ ሥር አውጥቶ አንዱን ይላጫል፤ ከአማቱ ጋር የተጣላው ይኸው መሆን አለበት ብላ አሰበች። የቶፉ ማምረቻው ሽታ ያቅለሸልሻል፤ ቦዩ ጠቁሯል፤ የግድግዳዎቹም ቀለም እስከ ወገብ ድረስ የጎርፍ ምልክት ይዟል። ዊዳሪ ግን ዓይኗን መንቀል አቃታት። ለረጅም ጊዜ በኮምፒውተር ላይ ስትስለው የኖረችው ነገር፣ ጉድፉ እንዳለ ሆኖ፣ እዚህ ሰው ይኖርበታል። የሱቆቹ ዳስ ለምን ወደ ምሥራቅ ብቻ እንደተዘረጋ፣ አሮጊቶች ለምን ከቦዩ ድልድይ ጫፍ እንደሚቀመጡ ለማወቅ ቆም፣ ቆም እያለች ሄደች።

አንድ ቁርስ ቤት ጋ ስትደርስ መጀመሪያ ያየችው ፓክ ሳርፒንን ነው። የጥበቃ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሎንቶንጉን፣ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ የተቀቀለ ሩዝ፣ በኮኮናት መረቅ ይበላል። ሲያያት ጉርሻው ጉሮሮው ላይ ቀረ።

"በበሩ አልወጡም ነው ያልኩት፣ ቡ" አላት ውኃ ከጠጣ በኋላ። "ስለ አጥሩ አልጠየቁኝም።"

ከሱ በስተጀርባ፣ ከትልቁ ብረት ድስት ፊት፣ እናቷ ቆመዋል። ወገባቸው ላይ ሽርጥ ታጥቀው ፔዬክ ይጠብሳሉ፤ ኦቾሎኒ ጣል ጣል ያለበትን ሊጥ በማንኪያ እያፈሰሱ እንደ ወረቀት የሳሳ ጥብስ ያወጣሉ። ልጃቸውን ሲያዩ ማንኪያው አየር ላይ ቀረ።

"እማዬ፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ?"

"ይኸው እንደምታዪው ነው" አሉ። "ዘይቱ እንዳያርርብኝ፣ ወይ ተቀመጪ ወይ ዞር በይ።"

የቁርስ ቤቱ ባለቤት ኦኖህ ናት። በሃምሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ስትሆን ሰፈሩ ሁሉ ምፖክ ኦኖህ፣ ታላቅ እህታችን፣ እያለ ይጠራታል። ዊዳሪን ከላይ እስከ ታች አየቻትና የሻይ ብርጭቆ ከፊቷ አስቀመጠች። እናትሽ መጀመሪያ የመጡት በዚያ ሽንቁር አጮልቀው የጥብሴን ሊጥ ወፍራም ነው ብለው ሊሰድቡኝ ነው አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ቀርተው አያውቁም፤ ካልመጡማ ደንበኛው ያኮርፋል።

"ግን ልጃቸው ምን እንደምትሠራ ነግረውን አያውቁም" አለች ምፖክ ኦኖህ። "ጠይቀን ጠይቀን ሰለቸን። መርማሪ ፖሊስ ነሽ እንዴ?"

ሰዉ ሳቀ። ቡ ሱማርሲህ ግን አልሳቁም። ድስቱ ላይ አቀርቅረው ቀሩ። ዊዳሪ የእናቷን ማጅራት ስታይ ነገሩ ቀስ እያለ ገባት፤ እዚህ ያገኙት ወንበር በልጃቸው ሥራ ምክንያት እንዳይነሣባቸው ፈርተው ኖሯል። እናቷ ስለ አዲሱ መንደር ያውቃሉ። ማታ ማታ እራት ላይ በደስታ ስታወራላቸው የኖረችው እሷ ራሷ ናት፤ እሳቸውም እያዳመጡ ሩዝ ይጨምሩላት ነበር።

ያኔ ስልኳ ጠራ። ፓክ ሄንድራዋን ነው። ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ብላ አነሣችው። ገጹ የት ደረሰ፣ የከተማው ጽሕፈት ቤት እየጠበቀን ነው አላት።

"ቦታው ላይ ነኝ፣ ፓክ" አለችው።

"የትኛው ቦታ?"

"ባዶ ጻፊ ያሉኝ ቦታ። ባዶ አይደለም። ሰው አለበት።"

ከዚያ ፓክ ሄንድራዋን በለሆሳስ፣ እንደ ወንድም፣ መከራት። መሬቱ በሕግ የኩባንያው ነው። ሰዎቹ የመጓጓዣ ገንዘብ ይሰጣቸዋል። የሕዝብ ውይይቱም በደንቡ መሠረት ከተማ መሐል ባለ ሆቴል ተጠርቷል። ሥዕሉ ከመጽደቁ በፊት ከቢሮ ውጭ ማንም እንዳያየው ደግሞ ፈርመሻል አላት። "ጎበዝ ልጅ ነሽ፣ ዊዳሪ። በአንድ ቃል ራስሽን አትጉጂ።"

ስትመለስ ጨዋታው ቆሟል። የሰሙትን ሰምተዋል። ፓክ ኒማን የሚባሉ ሽማግሌ፣ ቅድም ያየችው ልብስ ሰፊ፣ መርፌያቸውን ሸሚዛቸው ላይ ሰክተው መጥተው ነበር።

"ሊያፈርሱን ነው የሚባለው እውነት ነው?" አሉ።

ዊዳሪ ወደ እናቷ አየች። ቡ ሱማርሲህ እሳቱን ቀነሱ።

"ልጄ ቤት ትሠራለች" አሉ ሰዉን ሳያዩ። "ወረቀት ላይ። የዚያን አጥር ማዶም የሠራችው እሷ ናት፤ አሁን ደግሞ የእናንተን ቦታ ይዛለች። ይኸው ነው፤ ማወቅ ያለባችሁን አወቃችሁ።"

ማንም ወንበር አልነጠቃቸውም። ይልቅ ክርክር ተነሣ፤ ዊዳሪ እንደገመተችው ዓይነት ክርክር ግን አልነበረም። ፓክ ኒማን ከዚህ ቤት የምወጣው በቃሬዛ ነው አሉ። ምፖክ ኦኖህ ደግሞ፣ እኔማ አሳንሰር ባለው ፎቅ ላይ ብኖር ደስታዬ፣ በየዝናቡ ፍራሼን ተሸክሜ ጣራ ላይ መውጣት ሰልችቶኛል አለች። ሩዝ ነጋዴው ይሰጣል በሚባለው የመጓጓዣ ገንዘብ ገጠር ገብቼ ዓሣ አረባለሁ ሲል፣ ሚስቱ በክርኗ ጎሸም አደረገችው። ዊዳሪ አፏን ከፍታ ታዳምጥ ነበር። ቅይጥ መንደር ምን ምን እንደሚፈልግ ብዙ አንብባለች፤ የዚህን መንደር ሰው ግን ምን ይፈልጋል ብሎ የጠየቀ እንደሌለ፣ እሷም እንዳልጠየቀች፣ ገና አሁን ታያት። ለምን አልጠየቅሁም? መልሱን ስትፈልግ ከስንፍናም የከፋ ነገር አገኘች። ሰው መኖሩ ትዝ ብሏት አያውቅም።

ስልኳን ከፈተች። ሥዕሉን አወጣችና ጠረጴዛው ላይ፣ ከሎንቶንጉ ሳህን አጠገብ፣ ወደ እነሱ አዙራ አስቀመጠችው። ፓክ ሳርፒን እንዳላየ ለመሆን ኮፍያውን አጠለቀ፤ ከዚያ ግን አንገቱን አስግጎ ማየት ጀመረ።

"ስታምር!" አለች ምፖክ ኦኖህ ከልቧ። ጣቷን በሽርጧ ጠርጋ ሥዕሉ ላይ አሳረፈች። "መስጊዱ የታለ? ይኸው፣ አለ። እንግዲህ ከመስጊዱ ወዲህ ድልድዩ፣ ከድልድዩ ወዲህ የፓክ ኒማን ቤት…" ጣቷ እየተጓዘ አንድ ሰማያዊ ክብ ላይ ቆመ። "እኔ እዚህ ጋ ነኝ። ይሄ ምንድን ነው?"

"የአደባባይ ፏፏቴ ነው" አለች ዊዳሪ። ይህን ፏፏቴ ያሳመረችው እሷ ናት።

"ቤቴ ላይ?"

"አንቺ ደግሞ ጎርፍ ሰለቸኝ አላልሽም?" አሉ ፓክ ኒማን። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ ምፖክ ኦኖህም ሳቀች። ሳቋ ግን ቀድሞ አለቀ። ሥዕሉ ውስጥ ቦርሳ አንጠልጥለው የሚሄዱትን ቀጫጭን ሰዎች አንድ በአንድ አየቻቸው።

"ታዲያ እኔ የቷ ነኝ?" አለች።

ዊዳሪ ፎቆቹን ለማን እንደሳለች ልትነግራት ብትሞክር በሐቅ መናገር የምትችለው፣ ለእርስዎ አይደለም የሚለውን ብቻ ነው። ስልኩን አነሣችና ለፓክ ሄንድራዋን አጭር መልእክት ጻፈች፦ ገጹ ለቀትር አይደርስም፤ "ባዶ" የሚለውን አልጽፍም። ላከችው። እናቷ አንድ ትኩስ ፔዬክ እጇ ላይ አስቀመጡላት።

"ውይይቱ ሐሙስ ነው" አለች ዊዳሪ ለሰዉ። "ሆቴሉን አሳያችኋለሁ። ግን ከዚያ በፊት ቤታችሁን ልይ። ምፖክ፣ ቤትዎን ያሳዩኛል?"

"አሁን?"

"አሁን።"

ምፖክ ኦኖህ ጭልፋውን ለቡ ሱማርሲህ አስረከበች። ቤቱ ከቁርስ ቤቱ ጀርባ ነበር፤ ደጃፉ ላይ ዞር ብላ፣ ከኔ ቤት ከጀመርሽ የፓክ ኒማንን ካላየሽ ይቀየማሉ፣ እሳቸው ካሳዩሽ ደግሞ ሩዝ ነጋዴው አለ፣ ከሱ ቀጥሎ መንታ የወለደችው፣ እያለች መዘርዘር ያዘች። ማለቂያ የለውም አለቻት።

"ሁሉንም አያለሁ" አለች ዊዳሪ፤ ጫማዋንም ደጃፉ ላይ አወለቀች።