ለአንድ ሰዓት የተነሳው ጉብታ

መኪና የሚያዘገየውን የመንገድ ጉብታ መንደርተኛው በድንጋይና በአፈር የሠራው የማማ ኦፒዮን ልጅ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ገጭቶ ከገደለው በኋላ ነው። ሾፌር ሁሉ ጉብታውን ይራገመዋል፤ ግን ከዚያ ወዲህ አንድም ልጅ አልተነካም።

የከተማዋ መንገድ መሐንዲስ አፖንዲ ዛሬ ልታስነሳው መጣች። ለመሻገሪያና ለእግረኛ መንገድ ገንዘብ የሚሰጡት ሰዎች አደጋው በቁጥር ይታይ ብለዋል። ጉብታው ካለ መኪናው ይዘገያል፤ ከዘገየ ደግሞ መንገዱ አደገኛ አይባልም። እንዲህ ያለ ደንብ ያወጣ ሰው ልጅ አሻግሮ አያውቅም፤ እሷ ግን ለገንዘቡ ሁለት ዓመት ለፍታለች።

«አንድ ሰዓት ብቻ፣ ማማ። ልጆቹ የሚወጡት ስድስት ሰዓት ነው። በአምስት ተኩል ድንጋዩን እንመልሳለን።»

ማማ ኦፒዮ የማንዳዚ ብስኩት መጥበሻዋን ትታ ጉብታው ላይ ተቀምጣለች። «የሞተው አይበቃቸውም?»

«እሱ አንድ ነው ይላሉ።»

ሴትዮዋ ትክ ብላ አየቻት። «በአንቺ ቃል ነው የምነሳው፣ ልጄ። በእነሱ አይደለም።»

ድንጋዩ ተጠረገ። የገንዘብ ሰጪዎቹ ተቆጣጣሪ ሙሊንጌ የፍጥነት መለኪያውን ይዞ ቆመ። በሰዓት ሰባ አንድ ኪሎ ሜትር። ሰባ ስምንት። ሰማንያ።

«መቶ መኪና ይበቃኛል» አለ። «ጥሩ እየሄደልን ነው።»

አፖንዲ ሰዓቷን አየች።

ሰማንያ ስድስተኛው መኪና ሲለካ የትምህርት ቤቱ ደወል ተደወለ። ገና አምስት ሰዓት ከሩብ ነው። የመምህራን ስብሰባ እንዳለ ማንም አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ልጆቹ እየተጋፉ ወጡ። መኪናው ጉብታው ላይ ስለሚያዘግምላቸው ግራ ቀኝ ማየት ከተዉ ቆይተዋል።

«ልኬቱ ከተቋረጠ እኮ አይቆጠርም፣ አፖንዲ» አለ ሙሊንጌ። «መምህራኑ በሩ ላይ ያቆዩአቸው።»

እሷ ግን መሃል መንገድ ገብታለች። ሸንኮራ የጫነ የጭነት መኪና እየበረረ ሲመጣ ሁለት እጇን ዘረጋች። ፍሬኑ ጮኸ። አንድ እርምጃ ሲቀረው ቆመ።

«ሞት ካማረሽ ሐይቁ ቅርብ ነው» አለ ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ። ልጆቹ እያወሩ ከኋላዋ ተሻገሩ።

«ተበላሸ» አለ ሙሊንጌ። «የሚቀጥለው የገንዘብ ዙር ለዓመት ነው።»

ማማ ኦፒዮ መጥታ ክንዷን ያዘቻት። «የኔ ልጅ የሞተ ለት የት ነበርሽ?» አለቻት። ቁጣ አልነበረባትም።

ያን ለት አፖንዲ ቢሮዋ ተቀምጣ የዚህኑ መንገድ ማመልከቻ እየጻፈች ነበር።