መስመር ማለት መስመር ነው

አመተ ሥላሴ፣ አውቶቡስ ደጀን ላይ ለቁርስ ሲቆም ወርዳ አታውቅም። ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ በተጓዘች ቁጥር፣ ተሳፋሪው ሁሉ ለመውረድ ሲጋፋ እሷ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ የተኛች ትመስላለች። ከመንገዱ ማዶ የልጅነት ጓደኛዋ የትሕትና ምግብ ቤት አለ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ እንዲህ አድርጋ አለፈችው፤ እፍረት ለካ ሰውን ያስተኛል።

ዛሬ ግን ቲኬቷን የቆረጠችው እስከ ደጀን ብቻ ነው። ከሦስት ቀን በፊት ስልክ ተደውሎላት ነበር። የደወለችው ሳጂዳ ናት፤ ድሮ የአዲስ አበባ ቡድን ተጫዋች የነበረች፣ አሁን የሴቶች ኔትቦል ሊግን ታሪክ የምትጽፍ። አራት ዓመት ኖሮ የሞተ ሊግ ታሪክ ጸሐፊ ማግኘቱ ራሱ ተአምር ነው። ሳጂዳ ከረቂቁ አንድ ቦታ አነበበችላት።

«ትሕትና ጉልበቷ ተጎድቶ ስትወድቅ፣ ግብ ጠባቂዋ አመተ ሥላሴ ከሜዳው ጫፍ ሮጣ ደረሰች፤ ቃሬዛ እስኪመጣም እጇን ይዛ አጽናናቻት።» ቀጥላም፣ «ራሷ ትሕትና ናት የነገረችኝ። ማተሚያ ቤት የሚገባው ሰኞ ነው፤ የሚታረም ካለ ንገሪኝ» አለቻት።

አመተ ሥላሴ ግን ያን ቀን አልሮጠችም።

ነገሩ የተጀመረው በ1990 ዓ.ም. ነው። ለአዲሱ የሴቶች ኔትቦል ሊግ ደብረ ማርቆስም ቡድን እንድትልክ ደብዳቤ መጣ። የስፖርት መምህሩ እንዳላማው በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የዋሉ ሰው ናቸውና ቃል መፍታት ይወዳሉ። «ኔት መረብ፣ ቦል ኳስ። መረብ ኳስ ነው፣ በቃ!» ብለው ፈቱት። ልጆቹ ሁለት ወር ሙሉ በመረብ አናት ላይ ኳስ ሲመቱ ከረሙ። አዲስ አበባ ሲደርሱ በሜዳው መካከል መረብ የሚባል ነገር የለም፤ ግራና ቀኝ ኳስ የሚገባበት ቀለበት የታሰረባቸው ሁለት ምሰሶዎች ቆመዋል። ተመልካቹ በሳቅ ሞተ።

መምህሩ የሕጉን መጽሐፍ ተውሰው አነበቡና ልጆቹን ሰበሰቡ። «ሜዳው ለሦስት ይከፈላል። ግብ ጠባቂ ከራሷ ሲሶ አታልፍም፤ ካለፈች ቅጣት ነው። ይህ ሕግ ሰምም ወርቅም የለው፤ መስመር ማለት መስመር ነው!» አንዴ ተሳስተው ስለተሳቀባቸው ነው መሰል፣ ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ይቆጣ ነበር።

ረጅሟ አመተ ሥላሴ ግብ ጠባቂ ሆነች፤ ዒላማ የማትስተው ትሕትና ደግሞ በወዲያኛው ጫፍ አግቢ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በአንድ ዴስክ ያደጉ ጓደኛሞች፣ ሜዳ ላይ ግን ሁለት ዓመት ሲጫወቱ አንዲት ኳስ እንኳ አልተቀባበሉም። ትሕትና ባገባች ቁጥር ልጆቹ ይከቧታል፤ አመተ ሥላሴ ከመስመሯ ላይ ቆማ ለብቻዋ ታጨበጭባለች። በኋላ ትሕትና፣ «ጭብጨባሽን ለየሁት» ትላታለች። ያቺ ቃል ትበቃት ነበር።

በሁለተኛው ዓመት የመጨረሻ ጨዋታ ትሕትና ዘላ ስታርፍ ጉልበቷ ተጠመዘዘ። ጩኸቷ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰማ። ተቀያሪዎቹም መምህሩም ሳይቀሩ ሁሉም ሮጡ። አመተ ሥላሴ እስከ መስመሩ ሮጣ ቀጥ አለች። ዳኛዋ ጨዋታውን ማቆሟን፣ ጨዋታ ከቆመ ደግሞ መስመር እንደማይከለክላት አላወቀችም። ውጤቱ እኩል ነበር፤ ብሻገር እንቀጣለን፣ እንሸነፋለን ብላ ፈራች። ጓደኛዋ እየጮኸች እሷ ነጥብ አሰበች።

ትሕትና አዲስ አበባ ሆስፒታል ከረመች፤ ከዚያም ደጀን ተዳረች። አመተ ሥላሴ አንድ ደብዳቤ እንኳ አልጻፈችላትም። ምን ብላ? ሌላ ጓደኛም አልያዘች። ስፖርት ታስተምራለች፤ ተማሪዎቿ ተቃቅፈው ሲሄዱ ታይና ቤቷ ገብታ ሬዲዮኗን ታናግራለች።

አሁን ዝም ብትልስ? ስሕተቱ የሷ አይደለ። በመጽሐፍ ታትሞ ከኖረ፣ አንድ ቀን ራሷም ታምነው ይሆናል። ይህን እያሰበች ደጀን ደረሰችና ወረደች።

«አንቺ ልጅ! አመተ!» ትሕትና አንድ እግሯን እየጎተተች ከምግብ ቤቱ ወጣች፤ አቅፋ አገላብጣ ሳመቻት። አስቀምጣት ሻይ አስመጣች፤ እጇንም ያዘች። «አውቶቡስ በቆመ ቁጥር በር ላይ ወጥቼ ትወርጃለሽ ብዬ እጠብቅሻለሁ እኮ። እንዴት ትቀርብኛለች እላለሁ፣ ያን ቀን ከሕመም ብዛት ዐይኔን ጨፍኜ ሳለ እጄን የያዘች ልጅ! ጉልበቴን ሦስት ጊዜ ኦፕራሲዮን ሲያደርጉኝ ያቺን እጅ ነው ያሰብኳት። ባሌ ትቶኝ የሄደ ጊዜም ያቺኑ እጅ። አንድ ሰው እንኳ መጥቶልኛል እላለሁ።»

የትሕትና መዳፍ ሞቃት ነበር። አሥራ አምስት ዓመት የአመተ ሥላሴን እጅ እንዲህ የያዘ ሰው የለም። ዝም ማለት እንዲህ ቀሎ አያውቅም፤ ሻይዋን ፉት ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት።

«እኔ አልመጣሁም» አለች።

«የት?»

«ያን ቀን። መስመሩ ላይ ቆሜ ነበር። የያዘሽ እጅ የኔ አይደለም።»

በአስፋልቱ ላይ ከባድ መኪና አለፈ፤ ብርጭቆዎቹ ተንቀጫቀጩ። ትሕትና አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። እጇን ቀስ ብላ ሳበችና መዳፏን ገልብጣ አየችው።

«ታዲያ የማን ነበር?» አለች።

አመተ ሥላሴ አላወቀችም። ከቆመችበት የሚታየው የሰው ጀርባ ብቻ ነበር።