ከወይጦ የመጣች አበባ

ብዙወርቅ ቂም መያዝ ታውቅበታለች። ድምፅዋን ከፍ አታደርግ፣ ሳህን አትሰብር። የባሏን ምሳ ታቀርባለች፣ ሸሚዙን ታጥባለች፤ ሆዷን ግን ትቆልፋለች። ይህን ከጎረቤት ሁሉ አብልጦ የሚያውቀው ባሏ ፈለቀ ነበር።

ቂሟም ያለ ምክንያት አልነበረም። ፈለቀ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። የእሷ እናት ያረፉ ዕለት ቆላ ወርዶ ሳለ ወይጦ ድረስ መልእክት ተላከለት። እሱ ግን እዚያው መጠጥ ላይ ተጎልቶ ቀብሩም ሰልስቱም አመለጠው። ቤታቸው ጂንካ ሲገባ መኪና ተበላሽቶብኝ ነው አለ። ረዳቱ ሶርሳ ደግሞ አፉ አያርፍም፤ ሳምንት ሳይሞላ እውነቱ ሰፈሩን አዳረሰ። እንግዲህ ከአማቱ ቀብር በመጠጥ የቀረ ሰው ምን ይባላል? ጸሎት ቤታቸውን መንግሥት ካሸገው ወዲህ ምእመኑ በየቤቱ ተደብቆ ነበር የሚሰበሰበው፤ ሽማግሌዎቹ በዚያው አስታረቋቸው። ይቅር ብያለሁ አለች። ከአንገት በላይ ነበር።

ፈለቀም ይህ አልጠፋውም። ከሚቀጥለው ጉዞ ሲመለስ ከቆላው አንዲት ተክል ነቅሎ፣ በዘይት ቆርቆሮ ተክሎ አመጣላት። ግንዷ ከታች እንደ ቅል ያበጠ፣ ቅርንጫፏ ራቁቱን የቀረ፣ ዓይን የማትስብ ነገር ነበረች። ጠብታ በሌለበት ድንጋይ ላይ እንኳ ደማቅ ሮዝ አበባ ታወጣለች አላት።

"ብዙዬ፣ ይህቺ ያበበች ቀን ከልብሽ ታረቅሽኝ እላለሁ" አለ።

ብዙወርቅ ቆርቆሮውን ከማድቤቱ ጀርባ፣ ጣራው ሥር፣ ከማገዶው አጠገብ ወረወረችው። ውኃ የሚባል አላሳየቻትም። ትድረቅ አለች በሆዷ።

የተክሏ ነገር ግን ሌላ ነው። ለካ የምትወደው ይህንኑ ኖሯል! የጂንካ ዝናብ እዚያ አይደርስባትም፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ቆርቆሮውን ታግለዋለች። በጥር አንድ ቅጠል ሳይኖራት ሁለመናዋ አበባ ሆነ። ጎረቤቷ አለምነሽ አይታ ጉድ አለች። ብዙወርቅም ደስ አላት፤ እውነቱን እንናገር ከተባለ በጣም ደስ አላት።

ማምሻውን ፈለቀ እንደሚገባ ስትሰማ ግን የእናቷ ቀብር ትዝ አላት። እናቴ በአበባ ልትሸጥ ነው? አለች። አበቦቹን አንድ ሳታስቀር ቀጠፈቻቸውና አመድ መድፊያው ውስጥ ቀበረቻቸው። የተክሏ ነጭ ወተት እጇ ላይ ተጣበቀ፤ በአመድ አሽታ ታጠበች። ፈለቀ ገና እግሩን ሳይታጠብ ወደ ጓሮ ዞሮ ባዶውን ቅርንጫፍ አይቶ ተመለሰ። በዓመቱም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛውም።

በሦስተኛው ዓመት እንኳ ቂሙ ከውስጧ ወጥቶ ሄዶ ነበር። መቼ እንደሄደ እሷም አታውቅም። ፈለቀ የመንገድ ወሬ ሲያወራ መሳቅ ጀምራለች፤ ሲዘገይ ትጨነቃለች። ታዲያ ምን ዋጋ አለው? ሲመጣ እስካሁን መቅጠፏን መናገሩ አሳፈራት። እልህ ልማድ ሆነባትና ለከርሞ አልነካትም ብላ ቀጠፈች።

ከርሞ ሳይደርስ ፈለቀ ወደ አርባ ምንጭ ተዛወረ። መሥሪያ ቤት አዞኝ ነው አላት። ቀሪ ልብሱን ሊወስድ የመጣው ሶርሳ ግን እንደ ልማዱ አፉን መያዝ አቃተው።

"እትዬ፣ ማንም አላዘዘው። ሦስት ዓመት ጠበቅኋት፣ አልታረቀችኝም ብሎ ራሱ ነው የጠየቀው" አላት።

ብዙወርቅ ልብሱን አጣጥፋ ለሶርሳ ሰጠችው። በጥር አንድ ቀን ብቻ ይምጣ፣ የማሳየው ነገር አለኝ በልልኝ ብላ ላከችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ተክሏን እንደ አራስ ያዘቻት። ከጣራው ሥር አውጥታ ጓሮው መሐል ተከለቻት፤ ፍግ አለበሰቻት፤ ጠዋትና ማታ በባልዲ አጠጣቻት። አለምነሽ ይህ የቆላ ተክል ነው፣ ውኃ አታብዢበት አለቻት። ሦስት ዓመት በድያታለሁ፣ ልካሳት እንጂ ብላ አልሰማቻትም። ቅጠሉ ሲንዠረገግላት በደስታ ሰፈሩን ጠራች። ቀጥሎ ዝናቡ ገባ። ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፤ አንድ ቀን ያበጠውን ግንድ ብትነካው ጣቷ ሰጠመ። በጥር ፈለቀ ሲመጣ ተክሏ በስብሳ ወድቃ ነበር።

ቆሞ ተክሏን አያት። ብዙወርቅ ያን ጊዜ ሁሉን ነገረችው፤ ተክሏ በየዓመቱ ማበቧን፣ እሱ ሳይደርስ እሷ መቅጠፏን። እንዳይጠራጠራት አለምነሽን ጠርታ አስመሰከረች። እውነቱን ሲሰማ ይመለሳል ብላ ነበር፣ ምስኪን።

ፈለቀ አጎንብሶ የበሰበሰውን ግንድ ነካ አደረገው።

"ባታብብ ይሻለኝ ነበር" አለ። "እኔ እኮ አንዳንዴ አፈሩ አልስማማት ብሎ ይሆናል እያልሁ ራሴን አጽናና ነበር።"

"ይቅር ብዬሃለሁ፣ ፈለቀ። ከልቤ ነው። ድሮ ነው ይቅር ያልሁህ።"

"በእጅሽ እየቀጠፍሽ?"

ብዙወርቅ ውኃ በኩባያ ቀድታ አመጣችለት። የሰጠችውን ውኃ ጠጣ፣ ኩባያውን መለሰላት፣ እግዜር ይስጥልኝ አላት ለማያውቁት ሰው እንደሚባለው። መኪናው የወይጦን መንገድ ይዞ ሄደ። አለምነሽ ክንዷን ይዛ ወደ ቤት ልታስገባት ብትሞክር፣ ኩባያውን እንደያዘች ደጁ ላይ ቆማ ቀረች።